የእድራችን ኮምቢ ሞተርና የጉለሌ እጅ



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን አንዳንዱ አባል ስለ ሠፈራችን አመሠራረት፣ አንዳንዱም ስለ ጤና አጠባበቅ ይጽፋል። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ የኖርንበትም ሥራ የጽሕፈት ሥራ ስለ ሆነ ከፍ ያለ ነገር ከእኛ አይጠበቅም። ነገር ግን ከ1994 እስከ 2012 ዓ.ም. የእድሩ ጸሐፊ ሆነን ቃለ ጉባኤውን የያዝነው እኛ ነንና፣ ስለ አሮጌው ኮምቢያችን ሞተር የምናውቀውን ሳናሰፍር ብንቀር መዝገቡ ጎደሎ ይሆናል። ደግሞም በዚያን ጊዜ ሰምተን ያልጻፍነው አንድ ቃል አለ። እሱንም ዛሬ ከዚሁ ጋር እናወጣዋለን።

በ2009 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የአንዲት እናታችንን አስከሬን ይዘን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ፣ ኮምቢው ዳገቱ መካከል ላይ አንድ ሁለቴ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። ከኋላው የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። ሹፌሩ ወርዶ ክዳኑን ቢከፍት ሞተሩ እጅ አያስነካም። ልጆቻችን ሳጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ ሴቶቹም እያለቀሱ ከኋላ ተከተሉ። የሟች የበኩር ልጅ ወደ እኛ ዞሮ «እናቴ በሕይወቷ መንገድ ላይ ቀርታ አታውቅም ነበር» አለን። ምን መልስ ይሰጣል? ዝም አልን።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ይህ ዓይነቱ ሞተር ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንደ ኖረ ጥቂት እንበል።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጂቡቲ በኩል ይዞ መጣ፤ በዚያው ሰሞን የጀርመን መኪናም ገብቷል። በዚያው ዘመን ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና መንዳትና የጥገና ትምህርት ቀሰሙ። እኒህ ሰው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቅኔያቸውና በድምፃቸው ነው፤ እዚያው ጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋልና። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ሞተር ለመማር ባሕር ከተሻገሩት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚ በመሆናቸው ነው።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሌላ ነገርም አደረጉ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። የእኛ ሠፈር ሰው ይህን አዋጅ ከማንም ይልቅ ማስታወስ ይገባው ነበር። ምክንያቱም ቀጨኔ የጥበበኞች ሠፈር ነው፤ ሽሮ ሜዳም የሸማኔዎች። የከተማው ማረሻና መጥረቢያ፣ ጀበናና ምጣድ፣ ነጠላና ጋቢ ከዚህ ከእኛ አቀበት ነው ሲወርድ የኖረው። ሆኖም መኪናው ከአዋጁ ቀድሞ ሰው ልብ ውስጥ ገባ፤ አዋጁ ግን እስከ ዛሬም ገና በመንገድ ላይ ነው።

ቀጥሎ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ወረረ። ጠላት ተባሮ ሲወጣ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፍተው የኖሩ ጣሊያኖች ነበሩ። የእኛ ልጆች እነሱ ዘንድ እየገቡ መጀመሪያ ብሎን እያጠቡ፣ ኋላም ሞተር እየፈቱ ሙያውን ያዙ። ስለዚህም ነው እስከ ዛሬ ድረስ መካኒኮቻችን ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ማሽኑ የጀርመን ወይም የጃፓን ነው፤ እጁ ግን የእኛው ነው።

አሁን ወደ ኮምቢው እንምጣ። በ1939 ዓ.ም. ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ ነጋዴ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሳጥን የመሰለ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ነደፈ። የቮልስዋገን ፋብሪካም በ1942 ዓ.ም. መሥራት ጀመረ። ሞተሩ ያው በከተማችን «ቮልስ» የምንላት የትንሿ መኪና ሞተር ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ዌስትፋሊያ የሚባል ድርጅት በውስጡ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ምድጃ እየገጠመለት ፈረንጆች እንደ ቤት እየተኙበት አገር ለአገር ዞሩበት። ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ እነዚያን አሮጌ ኮምቢዎች እንደ ቅርስ የሚይዙ፣ ሞተራቸውን ፈተው የሚያድሱ ብዙ ሰዎች አሉ። የፈረንጁ ኮምቢ አልጋና ምድጃ ይጭናል፤ የእኛ ደግሞ ድንኳን፣ አግዳሚና ብረት ድስት ይጭናል። እነሱ ለዕረፍት፣ እኛ ለኀዘን። ሞተሩ ግን አንድ ነው።

በአገራችን ቮልስ በንጉሡ ዘመን የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም መኪና ነበረች። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ንሮ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቁመው ከተማው ሲናወጥ፣ እኛ ልጆች ሆነን ከጉለሌ ፒያሳ በእግር ወርደናል። ከዚያ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ በአንዲት ቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ያችን መኪና ብዙ ሰው እንደ ውርደት ያነሣታል። እኛ ግን ለአገሩ ሕዝብ የበቃች መኪና ለንጉሥ የማታንስበት ምክንያት አይታየንም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ መኪና እንደ ልብ አይገባም፤ ቤንዚን በራሽን ሆነ፤ መለዋወጫም ጠፋ። ስለሆነም ያለውን ፈቶ መሥራት ግድ ሆነ። የአንዱ ቮልስ ቴስታታ ለሌላው፣ የሞተችው መኪና ካርቦራተር በሕይወት ላለችው ሲሰጥ መርካቶ ሶማሌ ተራ የከተማው የመኪና ዕቃ ጎተራ ሆነ። ዛሬ በከተማችን መንገድ ላይ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቮልሶች ሲሄዱ የምናየው ከዚያ የችግር ዘመን በተረፈ እጅ ነው።

የእኛ እድር ኮምቢውን የገዛው በመዝገብ እንደሚታየው በ1985 ዓ.ም. ነው። አንድ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ አባላት አዋጥተው ወሰዱት። የ1965 ዓ.ም. ስሪት ሲሆን ሞተሩ 1584 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቱም 50 ፈረስ ነው።

ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ውሃ አይጠጣም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ ተጋድመው፣ ከላይ ያለው ማራገቢያ ንፋስ ይልክባቸዋል። ውሃ ስለሌለው አይፈላም፤ ዳገት ላይ ቆሞ ጄሪካን ይዞ ውሃ መለመን የለም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 50 ፈረስ የተባለው ሞተር እኛ ዘንድ ሲደርስ አሥራ ሁለቱ ያህል ፈረሶች መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የሚያቀዘቅዘው አየርም ስስ ነው። ካርቦራተሩም ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከተተወ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። በዚህ ላይ ድንኳንና ሰው ጭነን እንጦጦን ስናስወጣው የምንጠይቀው ምን ያህል እንደ ሆነ አስቡት።

እንግዲህ ያን ዕለት ምን ነበር የሆነው? ይህ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ እንደ ሌሎች መኪናዎች የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥሩ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ መቀየር፣ ወንፊቱም መታጠብ አለበት። በእኛ መዝገብ ግን የዘይት መግዣ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ሁለት ጊዜ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ተብሏል። ይህን በገዛ እጃችን ጽፈነዋል። ጥፋቱ የኮሚቴው ነበር፤ እኛም ከኮሚቴው ነበርን።

ሞተሩ መፈታት ስላለበት ኮሚቴው የት ይሠራ በሚለው ላይ ተነጋገረ። በእድራችን ውስጥ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ስማቸው እንዲጠራ ስለማይፈልጉ «ጋሼ» እንበላቸው። የቀጨኔ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብተው ሙያ ተምረው ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ጋራዣቸው ግን ታፔላ የሌለው፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። በስብሰባው ላይ ስማቸው ሲነሣ አንዱ አባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቀጥቃጭ ዘር እኮ ናቸው፤ በአስከሬን መኪና ላይ እጃቸው ባይገባ» አለ። ማንም አልገሠጸውም። ሥራው ከሠፈር ውጭ ላለ አንድ ትልቅ ጋራዥ እንዲሰጥ ተወሰነ። እኛም በቃለ ጉባኤው ላይ «ለሥራው ጥራት ሲባል» ብለን ጻፍን። ያን ቃል የፈጠርነው እኛ ነን። ተብሎ የነበረው ሌላ ነበር።

ጋራዡ የሦስት ወር መዋጮአችንን ወስዶ በአንድ ወር ሞተሩን መለሰ። ሰባት ወር ሄደ። ከዚያ የዘይቱ ቀይ መብራት ይበራ ጀመር፤ ከሥሩም ቋቋታ መጣ። በ2010 ዓ.ም. በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኛና የእድሩ ዳኛ የጋሼን በር አንኳኳን።

«ግቡ» አሉን። ቡና አስፈሉ። ስለ ቀድሞው ነገር አንድም ቃል አልተነፈሱም። ቡናው ከተጠጣ በኋላ «አምጡት፤ ግን አንተ ጸሐፊው ቁጭ ብለህ ታያለህ፤ የማየውን ሁሉ ትጽፋለህ» አሉን። ጡረታ ስለ ወጣን ጊዜ ነበረን። አሥራ አንድ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጻፍን። ከዚያ ደብተር ጥቂቱን እነሆ።

ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ባትሪውን ነቅሎ፣ የቤንዚን ጎማውን አስሮ፣ ገመዶቹን ፈትቶ፣ በክሪክ ደግፎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ክብደቱ ከአንድ ኩንታል ትንሽ ይበልጣል። ጋሼና ሁለት ልጆች ሻይ ሳይበርድ አወረዱት።

ሲከፍቱት መጀመሪያ ያሳዩን የጎደለውን ነው። ሲሊንደሮቹን ዙሪያውን የሚሸፍኑ ላሜራዎች አሉ፤ ንፋሱ ወዲያ ወዲህ ሳይበተን በሲሊንደሮቹ መካከል እንዲያልፍ የሚመሩት እነሱ ናቸው። የቀደመው ጋራዥ ግማሾቹን ትርፍ ናቸው ብሎ ጥሏቸዋል። «አየህ» አሉን ጋሼ፣ «በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ራዲያተሩን ቀዶ መጣል ማለት ነው ይሄ።»

ሁለተኛው የባሰ ነበር። የዚህ ሞተር ገላ ሁለት ግማሽ ሆኖ እንደ መጽሐፍ የሚገጠም ነው። ሁለቱ ግማሾች ፋብሪካው ውስጥ አብረው ተገጥመው፣ አብረው ተበስተው፣ አብረው የተለኩ ናቸው። የአንዱን ግማሽ ከሌላ ሞተር ግማሽ ጋር ቢያጋቡት ከሩቅ የሚገጥም ይመስላል፤ ዘንጉ የሚዞርበት ቀዳዳ ግን አይስተካከልም፤ ብሮንዚኑ ይበላል፤ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። የእኛ ግራው የራሱ፣ ቀኙ ግን የባዕድ ነበር። በዚያ ትልቅ ጋራዥ ከብዙ ሞተር ጋር ሲታጠብ ተቀያይሮ ይሆናል።

ጋሼ ሶማሌ ተራ ወርደው ሦስት ቀን ፈልገው ያልተለያየ ጥንድ አገኙ። ገና ከመግዛታቸው በፊት በሁለቱም ግማሾች ላይ በመዶሻና በፖንታ አንድ ዓይነት ምልክት አደረጉ። «እኔ ብሞት እንኳ የሚከፍተው ሰው እንዳይሳሳት» አሉ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የዘይቱን መተላለፊያ ሁሉ በቤንዚንና በንፋስ አጠቡ። ክራንክሻፍቱን በማይክሮሜትር ለክተው ማሽን ቤት ልከው አስላጡት፤ ለተላጨው ልክ የሚሆን ብሮንዚን ገጠሙ። ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን አለበት። ይህንንም በሦስት ስስ ቀለበቶች እያስተካከሉ አራት ጊዜ ገጥመው አራት ጊዜ ፈቱ። እኛ በሁለተኛው «ይበቃል» ብለን ነበር። «የማንን ሬሳ ነው የሚበቃ የምትለው?» አሉን።

ሲሊንደሮቹን ከነፒስተናቸው፣ ፋሻዎቹንም አፋቸው በአንድ መስመር እንዳይገጥም አድርገው አስገቡ። ሦስተኛውን ሲሊንደር ለብቻው አሳዩን። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ ንፋሱን ስለሚጋርደው ከአራቱ ይበልጥ የሚግለው እሱ ነው፤ የጭስ ቫልቩም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበረው የእሱ ነው። የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር አደረጉ። «ቫልቭ ሲጮህ አትፍራ፤ ዝም ሲል ፍራ» አሉን። ክፍተቱ ሲጠብ ድምፁ ይጠፋል፤ ቫልቩ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል ማለታቸው ነው።

የጎደሉትን ላሜራዎች ከአንዲት አልባሌ ቮልስ ላይ አንዳንዱን ወሰዱ፤ ያልተገኙትን ራሳቸው ቆርጠው ቀጠቀጡ። እሳት አያይዘው፣ በአባታቸው መዶሻ። ስለ ዘር ያ ሰው በስብሰባ የተናገረው ቃል ትዝ አለንና አንገታችንን ደፋን። ሞተሩ የጎደለው ያ የቀጥቃጭ እጅ ነበር።

በመጨረሻ የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀየሩ። ያረጀ ጎማ ተሰንጥቆ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ካፈሰሰ መኪናው ይነዳል። የሞተሩ ገላ ማግኒዚየም የተቀላቀለበት ስለ ሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም፤ ይብሳል እንጂ። ይህን ቮልስ ያላችሁ አባላት ሁሉ አደራ ልብ በሉ።

ሊያስነሡት ሲሉ ካንዴላዎቹን አውልቀው የዘይቱ ቀይ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በባዶው አሽከረከሩት፤ ዘይቱ ብሮንዚኖቹ ዘንድ ሳይደርስ እሳት እንዳይጀምር ነው። ከዚያ ገጠሙና ቁልፉን ለእኛ ሰጡን። በሁለተኛው ተነሣ። ያ የቮልስ ድምፅ፣ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ኮምቢው ወደ እንጦጦ ማርያምም፣ ወደ ጴጥሮስ ወጳውሎስም፣ ለእስላም አባሎቻችንም ወደ ኮልፌ ሳይቆም ደርሷል።

ዛሬ ዓለሙ ተለውጧል። የትንሿ ቮልስ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ የኮምቢው የመጨረሻ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በብራዚል ተሠርተው ምርታቸው ቆመ። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታግዷል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መምጣቱ መልካም ነው፤ ጭስ የለውም፤ አንቃወምም። ቢሆንም እድራችን አዲስ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ያለን ይኸው ነው፤ ያለንን ደግሞ ሊጠግን የሚችል እጅ በሠፈራችን አንድ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ዛሬ ሰባዎቹን ዘልቀዋል፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ብሎን ሲያስገቡ ልጅ ይረዳቸዋል።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ኮምቢው የራሱ የጥገና መዝገብ ይኑረው፤ የዘይት ወጪም ወደሚቀጥለው ስብሰባ የማይተላለፍ ወጪ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከአባላት ልጆች ሁለት ወጣቶች፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ጋሼ ዘንድ እንዲማሩ እድሩ የምሳና የመሣሪያ ወጪ ይቻል። ደብተራችንን እንሰጣለን፤ ግን ደብተር እጅን አይተካም። ሦስተኛ፣ በ2009 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ላይ «ለሥራው ጥራት ሲባል» የሚለው ሐረግ እንዲታረምና እውነቱ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። የተናገረው ሰው ስም አያስፈልግም። የጻፈው ግን እኛ ስለ ሆንን የእኛ ስም ይግባበት።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ለጋሼ አነበብንላቸው። ላሜራው ላይ ሲደርስ ፈገግ አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሲደርስ ግን ዝም ብለው ቆዩና «ያን ጊዜ ሰምቼው ነበር» አሉን። ሌላ አልተናገሩም።

በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ወንድሞችና እኅቶች ነፍስ ይማር። ለቀረነው ጤናና ፍቅር ይስጠን።